ቀዳሚ ምላስ

ቀማሾች ሲያለቅሱ አፋቸውን ይሸፍናሉ። አዲሱ መተሐራን የማያውቅ እንግዳ ለቅሶ ቤት ገብቶ ሲያያቸው ሐዘናቸው ከሌላው ሰው የበረታ ይመስለዋል። ነገሩ ወዲህ ነው። እንባ ጨው አለው፤ ወርዶ ምላስ ከነካ ሦስት ቀን ከሥራ ያስቀራል። ስለዚህ ቀማሽ በጋቢው ጫፍ አፉን ይዞ ያለቅሳል። ሰላም ሲልም ጉንጭ አይስምም፤ ትከሻውን ገጨት አድርጎ ያልፋል። ከአፍንጫው ሥር ላብ የምትመጥ ነጭ ጨርቅ ያስራል። ልጆች መንገድ ላይ ሲያዩት «ነጭ ሪዝ! ነጭ ሪዝ!» እያሉ ይከተሉታል።

ዘርጋው ይህችን ጨርቅ ካሰረ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ከአሥራ አንዱ ስምንቱን ያሳለፈው ቀዳሚ ምላስ ሆኖ ነው። ቀዳሚ ምላስ ማለት ጎህ ሲቀድ በማጣሪያ ጣቢያው በር ላይ ቆሞ፣ የሐይቁን ውሃ ቀምሶ፣ «ዛሬ ይህን ያህል እጅ ከሐይቅ፣ ይህን ያህል እጅ ከወንዝ» ብሎ የሚፈርድ ሰው ነው። ወንዙ ብቻውን ለከተማው አይበቃም። ሐይቁ ብቻውን አይጠጣም። የበሰቃ ሐይቅ አሮጌውን ከተማ ከዋጠ ወዲህ፣ ከአዋሽ የተረፈውንና ከበሰቃ የተጨለፈውን አደባልቆ መኖር ነው።

ድብልቁ በቀጥታ ወደ ቧንቧ አይገባም። መጀመሪያ ዛጎሎቹ ዘንድ ይገባል። ዛጎሎቹ እንደ አውራ ጣት የሚረዝሙ፣ ሁለት ክዳን እንጂ ራስ የሌላቸው ፍጥረቶች ናቸው። በአራት ገንዳ ውስጥ ተደርድረው ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባሉ፣ አረንጓዴውንና ቆሻሻውን ይበላሉ፣ የቀረውን ኩልል አድርገው ይተፉታል። በየገንዳው ወለል ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፏል። ዛጎሎቹ በደንብ በበሉ ቀን ቁጥሩ ከላይ ይነበባል። ያልበሉ ቀን ውሃው ቅጠል እንደተቀቀለበት ሆኖ ይውላል።

በጣቢያው ግድግዳ ላይ ሠራተኛ ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው ጽሑፍ ተሰቅሏል፦ ውሃው ሲሞቅ ብዙ ይተነፍሳሉ፣ ብዙም ይበላሉ። ጨው ሲበዛ አፋቸውን ይዘጋሉ፤ መብላትም መተንፈስም ያቆማሉ። በቀዝቃዛ ውሃ አፉን የዘጋ ሳምንት ይቆያል። በሙቅ ውሃ የዘጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይሞታል።

መሣሪያ የለም እንዳይባል መሣሪያ ነበረ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት መሣሪያዎቹ በሐይቁ ሶዳ ተለብጠው «ደህና ነው፣ ደህና ነው» ሲሉ ሰነበቱ፤ ከተማው አራት ቀን ሐይቅ ጠጣ። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ምላስ ይላል።

እና ዘርጋው ይህን ሁሉ ዓመት ጨው በአፉ ሳይዞር ኖረ። ዳቦው ያለ ጨው፣ ሽሮው ያለ ጨው፣ የፋሲካው ዶሮ ሳይቀር ያለ ጨው። ሚስቱ ሰናይትም አብራው ተወችው። «ሁለት ድስት መጣድ ሰልችቶኝ ነው» ትላለች ለሰው። ሰናይት በዚያው ጣቢያ የዛጎል ቆጣሪ ናት፤ በመስታወቱ ላይ አጎንብሳ፣ ከመቶው ስንቱ አፉን እንደከፈተ በየሰዓቱ ትጽፋለች።

ኑሮው እንዲህ ቀጥ ብሎ ሲሄድ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ጂሎ መጣ።

ጂሎ የከረዩ ልጅ ነው፤ ሃያ አራት ዓመቱ፣ ረዥም፣ ጥርሰ ፍንጭት። ወተት ከሚጠጣበት ቤት ወጥቶ፣ የግመል ወተት ጨው ጨው ይላል ተብሎ ተከልክሎ፣ እናቱ በየሳምንቱ የምትልክለትን ቅል ለዘበኛው እያደለ ሁለተኛ ምላስ ሆነ። ሁለተኛ ምላስ ከቀዳሚው በኋላ ይቀምሳል፣ ከሥር ይፈርማል። ቀዳሚውን በሰው ፊት ማረም ነውር ነው።

መጀመሪያ ዘርጋው ራሱ ነበር ያስተማረው። አፉን ሦስት ጊዜ በወንዝ ውሃ መጉመጥመጥን፣ ከመቅመስ በፊት አንድም ቃል አለመናገርን፣ ጉንጩን ሞልቶ እስከ ሰባት ቆጥሮ መትፋትን። ልጁ ተማረ። ችግሩ ከተማረ በኋላ አለመቆሙ ነው። አንድ ቀን ቀምሶ ተፋና፣ «ትናንት ነፋሱ ከምዕራብ ነበር መሰለኝ፤ ሐይቁ ተገፍቶ ወደኛ መጥቷል» አለ። የነፋሱ መዝገብ ታየ፤ ከምዕራብ ነበር። ሌላ ቀን፣ «ከላይ ዝናብ ጥሏል» አለ። ጥሏል። ሰው ሁሉ ተደመመ። ዘርጋው ብቻ፣ «ሬዲዮ ሰምቶ ነው» አለ በሆዱ።

ከሁሉ የሚያበግነው የምሳ ሰዓቱ ነበር። ምግብ የምታበስላቸው እትዬ ዘነቡ ሁለት የቆርቆሮ ሳህን ታቀርባለች፤ አንዱ የዘርጋው፣ አንዱ የጂሎ። ለዘርጋው፣ «ብላ እንግዲህ» ብላ ታስቀምጣለች። ለጂሎ ሲሆን ወገቧን ይዛ ትቆማለች።

«አንተ ጂሎ፣ ዛሬ ሐይቁ ምን አለህ?»

«ሐይቁማ ሰላም ብሎሻል እትዬ። ‹አሮጌ ቤቷን እኔ ይዤላታለሁ፣ አታስብ› አለ።»

«ጣሪያው እኮ ያፈስ ነበር!»

«አሁንም ያፈሳል። ዓሣዎቹ አማረው ነው የላኩኝ።»

እትዬ ዘነቡ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ማማሰያዋን ትጥላለች። ከማዶ ደግሞ ሌላ ሳቅ ይሰማል፤ ዘርጋው የሚያውቀው፣ ቤቱ ውስጥ ግን ከሰማው የቆየ ሳቅ። የሰናይት። ዘርጋው ንፍሮውን አንድ በአንድ ያኝካል። ስንት ጊዜ እንደሳቀች ይቆጥራል፤ ሰኞ አራት፣ ማክሰኞ ስድስት።

በግንቦት ሁለተኛ ሰኞ የጣቢያው ኃላፊ ኢንጂነር ኸይሪያ ሠራተኛውን ሰበሰበች። ቀጭን ሴት ናት፤ ስትናገር ድምጿ ከፍም ዝቅም አይልም።

«ሙቀቱ እየመጣ ነው። በሙቀቱ ወራት አንድ ስህተት አንድ ገንዳ ነው። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ሁለቱም ምላሶች በዘጠኝ ኩባያ ይፈተናሉ። የበለጠው በሩን ይይዛል። ቅሬታ ያለው?»

ማንም ቅሬታ አልነበረውም። ጂሎ ወደ ዘርጋው ዞሮ፣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ አልጠየቅኩም» አለ ዝግ ብሎ።

«ብትጠይቅስ? ምን እንዳትሆን?» አለ ዘርጋው።

በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ጨርቁን ረስቶ ከመንገድ ተመለሰ። በሩ ዘንድ ሲደርስ ሁለቱን አያቸው። የውሃውን በር የምትከፍተውንና የምትዘጋውን መዘውር ይዘዋል፤ አራት እጅ በአንድ መዘውር ላይ። የሰናይት ሻሽ የጂሎን ትከሻ ሊነካ ምንም አልቀረውም። በጆሮዋ የሆነ ነገር ይነግራታል። እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። ዘርጋውን ሲያዩ እጃቸውን እሳት እንደነካው ሰው አነሱ።

«ምን እየሠራችሁ ነው?»

«ዘይት እየቀባነው» አለች ሰናይት። «ሲጥ ሲጥ ይላል።»

ዘርጋው መዘውሩን አየ። ከዚያ እጆቿን አየ። ዘይት አልነበረባቸውም።

ማታ ራት ላይ ሽሮው ቀረበ። ሦስተኛው ጉርሻ ላይ አላስችል አለው።

«የልጁ ሳቅ ጥሩ ነው፣ አይደል?»

«የማን ልጅ?»

«እንግዲህ አታውቂውም።»

«ዘርጋው፣ ብላ። ይቀዘቅዝብሃል።»

«መዘውሩ ተሻለው?»

ሰናይት ጉርሻዋን ሳህኑ ላይ መለሰችው። «ደክሞኛል» ብላ ተነሣች። ዘርጋው የእሷን ድርሻ ጭምር በልቶ ጨረሰ። ወጡ ጥሩ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ዘርጋው ወደ ሐይቁ ዳር ወረደ። ዳሩ በጨው እንደ ኖራ ነጭ ነው፤ ሰው ሲረግጠው ይንኮሻኮሻል። ጎንበስ ብሎ በአውራ ጣቱ ጥፍር ፋቀና በወረቀት ቋጠረ። ልቡ ውስጥ የነበረው ነገር ቀላል ነው። ጂሎን መግደል አይደለም፣ ማሳመምም አይደለም። ትንሽ ጨው ሳያውቀው ይበላል፤ ምላሱ ይደነዝዛል፤ ነገ ከዘጠኙ ኩባያ ሦስቱን ይስታል። በቃ። ሰው ሁሉ፣ «ለካ ወሬ ነው» ይላል። ሰናይትም ትላለች።

እትዬ ዘነቡ እንጨት ልታመጣ ስትወጣ ማድ ቤት ገባ። የጂሎን ሳህን ያውቀዋል፤ ጠርዙ ላይ ግመል ተጭሮበታል። ባቄላው ገና ይተንናል። ቆንጠር አድርጎ ነሰነሰና አማሰለ። ይታወቅ እንደሆነ ለማየት አንድ ፍሬ አንሥቶ ምላሱ ላይ አደረገ። ምንም አልነበረም። አነሰ ማለት ነው። ጨመረ። ሁለተኛ ፍሬ ቀመሰ። አሁንም ባቄላ ብቻ ነው። በወረቀቱ የቀረውን ሁሉ ደፋው። ሦስተኛው ፍሬ ላይ፣ ከሩቅ ቤት እንደሚሰማ ንግግር፣ የሆነ ነገር ያለ መሰለው። «አይታወቅም» አለ ለራሱ፤ ወጣ። እሱ ራሱ ቀማሽ ጨው መንካቱ ትዝ ያለው ደጅ ከደረሰ በኋላ ነው። «እንደዚህች ያለችው አትቆጠርም» ብሎ አለፋት።

በምሳ ሰዓት ጂሎ ተቀመጠ፣ ቀልዱን ቀለደ፣ አንድ ባቄላ አፉ ውስጥ ጣለ። ጥርሱ ሳያርፍበት ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ተነሣና መሬት ላይ ተፋው። አገጩን ይዞ ተፋ፤ ደጋግሞ ተፋ።

«ምን ሆንክ ልጄ? ድንጋይ ነው?» አለች እትዬ ዘነቡ።

«ጨው!»

«የምን ጨው? ከየት መጥቶ?» አንድ ፍሬ አንሥታ ቀመሰች። ፊቷ ተጨማደደ። «ኡኡቴ! ይሄማ የቀማሽ ምላስ አይፈልግም፣ የበሬ ምላስም ያውቀዋል!»

ዘበኛው ቀመሰ፤ እሱም ተፋ። ሰናይት ከመስታወቱ ተነሥታ መጥታ ቀመሰች። አልተፋችም። ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች።

ዘርጋው ባለበት ደርቆ ቀረ። ከነውሩ በፊት የመጣበት ሌላ ነገር ነው። የበሬ ምላስ ያውቀዋል። እሱ ግን ሦስት ጊዜ ቀምሶ አላወቀውም።

ጂሎ አፉን በወንዝ ውሃ እየተጉመጠመጠ ወደ ዘርጋው እጅ አየ። አውራ ጣቱ ጥፍር ሥር ነጭ ነገር ቀርቷል። ዘርጋው እጁን ጨበጠ። ዐይን ለዐይን ተያዩ።

«እኔው ነኝ» አለ ጂሎ ለእትዬ ዘነቡ። «ጠዋት ዳሩ ላይ ተቀምጬ ነበር፣ እጄን ሳልታጠብ ነው ሳህኑን ያነሣሁት።»

«በእጅህ ነው ይህን ያህል? በአካፋ እንጂ!»

«እኔው ነኝ አልኩሽ እኮ እትዬ።»

ዘርጋው አላመሰገነውም። እንዲያውም ከጨው ጉዳይ ይልቅ ይህ ነው ያቆሰለው። ልጁ ምላሱ አልበቃ ብሎ ደግነትም አለው!

ኢንጂነር ኸይሪያ ሕጉን አነበበች። ጨው የነካ ምላስ ሦስት ቀን ከበሩ ይርቃል። ፈተናው ተሰረዘ። በሩ የዘርጋው ሆነ።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ሰናይት በሩ ድረስ አብራው ሄደች። አድርጋው አታውቅም። ምዕራባዊው ነፋስ ቀሚሷን ያራግበዋል።

«ዛሬ ከሁለት እጅ አትለፍ» አለችው።

ከመቅመስ በፊት አይነገርም፤ ዘርጋው በእጁ፣ ለምን? አላት።

«ውሃው ከአሁኑ ሠላሳ ዲግሪ ደርሷል። ነፋሱም ሐይቁን ወደኛ እየገፋው ነው። ሁለት እጅ ከሐይቅ፣ ስምንት ከወንዝ። እባክህ።»

ስለ ነፋስ የሚያወራው ማን እንደሆነ ዘርጋው ያውቃል። ትናንት ማታ፣ ወይ ዛሬ፣ የሆነ ሰዓት ላይ ተገናኝተዋል ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጠ። ጉንጩን ሞላ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... የመጣለት ነገር የለም። ውሃ ነው፤ ለስላሳ፣ ለብ ያለ። ይህን ባዶነት ከትናንት በፊት «ጥሩ ውሃ» ይለው ነበር። አሁን ስም አልነበረውም። ቢሆንም ሰባት ቆጥሮ ተፋ፤ ደብተሩን አነሣ።

ሁለት ብሎ ሊጽፍ ይችል ነበር። እጁም ወደዚያ ሄዶ ነበር። ግን ሁለት የእሱ ቃል አይደለም፤ የጂሎ ቃል በሚስቱ አፍ የመጣ ነው።

«አራት» አለ ጮክ ብሎ። «አራት እጅ ከሐይቅ። ከተማው ዛሬ ጠግቦ ይጠጣ።»

«ዘርጋው!»

«ቀዳሚ ምላስ ማነው? እሱ ነው ወይስ እኔ?»

መዘውሩን ራሱ አዞረው። ለብቻው ሲያዞረው ከባድ ነበር።

በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ከመቶው ዘጠና አራቱ ክፍት ነበሩ። በሁለት ሰዓት ሰባ። የገንዳው ቀይ ቁጥር አሁንም ይነበብ ነበር፤ ዘርጋው ከላይ ሆኖ አይቶ ተረጋጋ። በሦስት ሰዓት አርባ አንድ። ፀሐይዋ ጣቢያው ላይ ተቀመጠች። ውሃው ሠላሳ ሦስት ዲግሪ ደረሰ። በአራት ሰዓት ዘጠኝ። ዘጠኝ ከመቶ! የቀሩት ጥርቅም ብለው ዘግተዋል። በዚህ ሙቀት ሩጫ ላይ ያለ ሰው እንደሚተነፍሰው ያህል ሊተነፍሱ ይገባ ነበር፤ እነሱ ግን ትንፋሻቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ቁጥሩ ተድበሰበሰ፤ ከዚያ ጠፋ። አረንጓዴው ውሃ የሚበላው አጥቶ ዝም ብሎ ይፈስሳል።

ሰናይት ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች።

«ዝጋው! ሐይቁን ዝጋው!»

«ምላሴ ደህና ነው ብሏል።»

«እየታፈኑ ነው እኮ! እስከ ማታ አይደርሱም!»

«አንቺ የእኔን ምላስ አታምኚም። የማንን እንደምታምኚ አውቃለሁ። በመዘውሩ ላይ አይቻችኋለሁ።»

ሰናይት ቆመች። ፊቷ ላይ የነበረው ችኮላ ሌላ ነገር ሆነ።

«ባለፈው ዓመት መጋቢት» አለች፣ «የጎረቤት ዝክር ነበር። ጎረቤታችን ፀዳለ ያመጣችልንን ምስር ከእኛ ጋር አምታትቼ አቀረብኩልህ። ጨው ሞልቶታል። እስካስታውስ አንተ ግማሹን በልተሃል። ልጮህ ስል ምን አልከኝ መሰለህ? ‹ዛሬ እጅሽ ጥሟል› አልከኝ።»

ዘርጋው ወደ እሷ ዞረ።

«በማግስቱ ሆን ብዬ ጨመርኩ። ‹ጥሟል› አልከኝ። አንድ ቀን ታውቀው እንደሆነ ብዬ አሁንም እየጨመርኩ ነው። አሥራ አራት ወር ሙሉ ቤታችን ጨው ይበላል፣ ዘርጋው። አንተ ብቻ ነህ የማታውቀው።»

«ታዲያ በሩን... በሩን አሥራ አራት ወር...»

«አንተ ቀምሰህ ስትሄድ ጂሎ ደግሞ ይቀምሳል። የሐይቁን በር አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር እናጠብቀዋለን። ‹ጋሼ እንዳይሰማ› ይለኛል። እንዲህ ነው መዘውሩን ዘይት የምንቀባው።» እንባዋ መጣ፤ ቆጣሪ ናትና አፏን አልሸፈነችም። «ሳቁንም ታውቀው ዘንድ ልንገርህ፤ ፍርሃት ነው ግማሹ። ትደርስብናለህ ብለን።»

ከታች እትዬ ዘነቡ፣ «ምን ሆናችሁ?» እያለች ትጮሃለች። ዘርጋው ወደ ገንዳው አየ። አራት ሺህ ነፍስ አፉን ዘግቶ ተቀምጧል። አንዱም ለምን እንደሆነ አያውቅም። እየጠበቁ ነው፤ ውሃው ይሻላል ብለው።

መዘውሩን ያዘ። ሰናይትም ያዘች። የሐይቁ በር ተዘጋ።

መዝጋቱ ብቻ አልበቃም። ገንዳዎቹን ለማጠብ የከተማው የመጠባበቂያ ውሃ ሊለቀቅ ነው፤ ቧንቧ ሁለት ቀን ይደርቃል። ለዚህ ሕግ አለ። ውሃውን ያስቆመው ቀዳሚ ምላስ ስሙንና ምክንያቱን በራሱ አንደበት በድምጽ ማጉያ ይናገራል። ኢንጂነር ኸይሪያ ማይክሮፎኑን ያለ አንድ ቃል አቀበለችው።

ዘርጋው ሦስት ዓይነት ውሸት አዘጋጅቶ ነበር። ነፋሱ ነው ሊል ይችላል። የሰናይትን ቆጠራ ሊያጠራጥር ይችላል። ወይም ትናንት ልጁ ራሱ የሰጠውን ውሸት ሊደርብ፤ የጂሎን ሳህን አብሬ ነክቼ ነው ሊል። ከሁሉም የሚቀለው ይሄ ነበር። አፉን ከፈተ። የራሱ ትንፋሽ ከከተማው ዳር እስከ ዳር ተሰማ።

«ዘርጋው ነኝ፣ ከማጣሪያው። ሁለት ቀን ውሃ የለም። ምላሴ ሞቷል። ከሞተ ዓመት አልፎታል። ትናንት የጂሎ ምግብ ላይ ጨው የጨመርኩት እኔ ነኝ። ስለቀናሁ ነው።»

ማጉያው ጥቂት ጊዜ ተንጫረረና ዝም አለ። ሰፈሩ ውስጥ አንድ ሰው፣ «ምን አለ? ምን አለ?» ሲል ተሰማ፤ ሌላው፣ «ቀናሁ ነው ያለው» ብሎ መለሰለት።

ከአራቱ ሺህ ውስጥ አንድ ሺህ ሁለት መቶው ተረፉ። የቀሩት አንድ በአንድ አፋቸውን ከፈቱ፤ ለመተንፈስ ግን አልነበረም።

በአራተኛው ቀን ጂሎ ቀዳሚ ምላስ ሆነ። ዘርጋው ከሥራ አልተባረረም፤ ኢንጂነር ኸይሪያ ሰው ማባረር አትወድም። ከላብ ጨርቁ ነጻ ሆኖ ጓሮ ወረደ፤ የሞቱትን መልቀም ተሰጠው። ሽታው ከባድ ነበር። ሥራው ቀላል ነው፤ አፉን የከፈተውን ዛጎል አንሥቶ ክዳኑን በጥፍር ኳ ኳ ማድረግ። የሞተው ዝም ይላል፤ ወደ ጆንያው ይገባል።

ከላይ ሰናይትና ጂሎ ይስቃሉ። አሁን ግማሹ ፍርሃት አይደለም፤ ሙሉ ሳቅ ነው። ዘርጋው ሁሉንም ያውቃል። ልጁ አሥራ አራት ወር ነውሩን እንደሸፈነለት ያውቃል። ሚስቱ ምንም እንዳላጠፋች ያውቃል። የሚቀናበት አንድም ምክንያት ፈልጎ አጣ፤ ፈልጎም ነበር። ቅናቱ ግን አሁንም ያቃጥለው ነበር፤ ከፊተኛው ይልቅ፣ ምክንያት ስለሌለው።

ኳ ኳ። ጆንያ። ኳ ኳ። ጆንያ። ኳ ኳ።

ይቺኛዋ ተንቀሳቀሰች። ሲያያት ክዳኗን ቀስ አድርጋ፣ እንቅልፍ እንደከበደው ሰው፣ ገጠመች። ዘርጋው እስትንፋሱን ያዘ። በመዳፉ ጨበጣት። ማንም አላያትም፤ ቆጠራው ውስጥ የለችም። ለአንድ አፍታ የእሱ ብቻ ነበረች። ከዚያ መዳፉ ሙቅ መሆኑ ትዝ አለው።

በቆርቆሮ ኩባያ የወንዝ ውሃ ቀድቶ ከተታትና ደረጃውን ወጣ። ከገንዳው ሦስት እርምጃ ሲቀረው ንጹሕ ያልሆነ ሰው የማያልፋት ነጭ መስመር አለች። ቆመ። ሳቁ ተቋረጠ።

«አንዲት ተርፋለች» አለ።

ጂሎ መጥቶ ኩባያውን አየ። «እውነትም! የት አገኘሃት ጋሼ?»

ዘርጋው ገንዳውን አየ፤ ውሃው ላይ ፀሐይ ትንቀጠቀጣለች። ጥሩ ይሁን መጥፎ፣ ከዚህ በኋላ በራሱ የሚያውቅበት መንገድ የለም።

«ውሃው ይስማማታል?» አለ። «ቅመስልኝ።»

ጂሎ ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጠ። ጉንጩን ሞላ። ዐይኑን ጨፍኖ ቆጠረ። ዘርጋውም በልቡ አብሮት ቆጠረ። ተፋና፣ «ይስማማታል» አለ።

ዛጎሏን ተቀብሎ ወደ ገንዳው ዝቅ አደረጋት። ሦስቱም አጎንብሰው ጠበቁ። ብዙ ቆየች። ከዚያ ክዳኗ በፀጉር ስፋት ያህል ተከፈተ፤ ከውስጧ ቀጭን የውሃ ጅረት ወጣና አጠገቧ ያለችውን አረንጓዴ ቅንጣት አወዛወዘ።

«ሺህ ሁለት መቶ አንድ» ብላ ሰናይት ጻፈች። እርሳሱን ሳታነሣ ፈገግ አለች።

ዘርጋው ፈገግታው ወደ ማን እንደሆነ ለማየት ቀና አለ።